ሬኔ ኮፔኪ እና የተሰነጠቀው መንጋጋ

ሬኔ ኮፔኪ የምትፈራው ነገር አለ ቢባል በዶብራ ከተማ የሚያምን ሰው አልነበረም። ዶብራ ነብራስካ ውስጥ፣ በበቆሎ እርሻ መሃል ያለች፣ ከአንድ ጫፍ ቆመው ቢያስነጥሱ ከሌላው ጫፍ «ይማርሽ» የሚባልባት ትንሽ ከተማ ናት። ሬኔ እዚያ ሦስት ልጆቿን ትምህርት ቤት ሳትልክ ወጥ ቤቷ ውስጥ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ራሷ ታስተምራለች። ምድር ቤት ውስጥ እባብ ሲገኝ በመጥረጊያ እንጨት አንጠልጥላ አውጥታዋለች፤ ከማውጣቷ በፊት ግን ልጆቹን ጠርታ ርዝመቱን በማስመሪያ አስለክታለች። ትንሹን ልጇን ኤዝራን የወለደችው ቫን መኪናቸው ውስጥ ነው። ወደ ሆስፒታል ሲከንፉ እህል የጫነ ባቡር መንገዱን ዘጋባቸው። ባሏ ግሌን መሪውን ጨብጦ ፎርጎዎቹን እየቆጠረ «መቶ አራት፣ መቶ አምስት፣ በቃ አሁን ያልቃል» ሲላት፣ እሷ ከኋላ ወንበር «እኔ ቀድሜዋለሁ» አለችው።

ይህች ሴት ታዲያ የጥርስ ሐኪም ትፈራ ነበር። መፍራት ብቻ አይደለም፤ በጥርስ ክሊኒኩ በር ላለማለፍ ወደ ፖስታ ቤት ሁለት መንገድ ዞራ ነው የምትሄደው።

ነገሩ የጀመረው ስምንት ዓመቷ ላይ ነው። በጎረቤት ከተማ የነበረ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ጥርሷን ሊነቅል ሲሞክር ጮኸች። ነርሷ እግሮቿ ላይ ተቀመጠችባት። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ስር «ዝም በይ» አላት፤ እሷም ዝም አለች። ሕመሙን ከረሳችው ቆይታለች። ያልረሳችው ያን ዝም ማለቷን ነው። አድጋ፣ አግብታ፣ ልጆች ወልዳ እንኳ፣ የክሊኒክ ሽታ ሲሸታት እግሮቿ ላይ የሆነ ሰው የተቀመጠባት ይመስላታል።

ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። ልጆቹን በዓመት ሁለት ጊዜ ጥርስ ሐኪም ዘንድ የሚወስዳቸው ግሌን ነው። በዚያ ቀን ሬኔ ሁልጊዜ ሥራ አላት። ቲማቲም በጠርሙስ ታሽጋለች። አንድ ጊዜ በየካቲት ወር፣ ውጭው በረዶ ሆኖ፣ «ዛሬ ቲማቲም ላሽግ ነው» ብላው ነበር። ግሌን ከንፈሩን ነከሰና ልጆቹን ይዞ ሄደ። ግሌን የማይጠይቅ ሰው ነው።

ጉድ የፈላው በመጋቢት ወር አንድ እሑድ፣ አማቷ ቭላስታ ቤት ነው። ቭላስታ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። በአውራጃው ኮላቼ የሚባለውን ጣፋጭ ዳቦ በመጋገር የሚያህላት የለም። ኮላቼዋ ለስላሳ ነው፤ መሃሉ ጎድጎድ ብሎ የተቀቀለ ፕሪም ይሞላበታል፤ የፕሪሙን ጠንካራ የውስጥ ፍሬ አንድ በአንድ የምታወጣውም በገዛ እጇ ነው። ለዓመታት በአውራጃው ባዛር አንደኛ እየወጣች ያገኘችው ሰማያዊ ሪባን ሳሎኗን ሞልቶታል። ሬኔ ሁለተኛውን ኮላቼ ስትገምጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማች። ድምፁ የመጣው ከራሷ ራስ ውስጥ ነው። ምላሷን ወደ ግራ ብትልክ አንድ የፕሪም ፍሬና የገዛ መንጋጋ ጥርሷ ስባሪ አገኘች።

«ምነው? አልጣፈጠሽም?» አለች ቭላስታ፣ በመነጽሯ ላይ አሻግራ እያየቻት።

«ኧረ በጣም ይጣፍጣል፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን አፈዘዘሽ? ብዪ እንጂ! ልጅ እያስተማርሽ ከስተሻል። ደመወዝ የሚከፈላቸው አስተማሪዎች ባሉበት አገር!»

ሬኔ ፍሬውን በናፕኪን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። የጥርሷን ስባሪ ዋጠችው። ከዚያም አማቷ እያየቻት ሁለት ተጨማሪ ኮላቼ በቀኝ በኩል አኝካ በላች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኮፔኪ ቤት አመጋገብ ተለወጠ። ሬኔ በግራዋ ማኘክ አልቻለችም፤ በቀኟም ቢሆን ስታኝክ ግራው ይሰማዋል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ልጆቹን ሰብስባ በጂኦግራፊ ትምህርት አዲስ ምዕራፍ መጀመራቸውን አስታወቀች። የምዕራፉ ርዕስ «የዓለም ሕዝቦችና ሾርባቸው» ነበር። ሰኞ የዩክሬን ቀይ ሥር ሾርባ፣ ማክሰኞ የግሪክ የሎሚ ሾርባ፣ ረቡዕ የሞሮኮ የምስር ሾርባ ቀረበ። በአሥራ አንደኛው ቀን ግሌን ከእህል ጎተራው ሥራ ተመልሶ ድስቱን ከፈተና ለረጅም ጊዜ ቁልቁል ተመለከተ።

«ሬኔ» አለ በትሕትና፣ «ዓለም ላይ ጥብስ የሚበላ አገር የለም እንዴ?»

«አልደረስንበትም» አለችው።

ሕመሙ ሲብስባት የቅርንፉድ ዘይት በጥጥ እየነከረች ጥርሷ ላይ ትይዛለች። ስድስት ዓመት የሆነው ኤዝራ ፊደል እያስቆጠረችው ቀና ብሎ «እማ፣ ገና ገና ትሸቺያለሽ» አላት። እነሱ ቤት ቅርንፉድ የሚገዛው ለገና ሥጋ ብቻ ነው። ትልቋ ታቢታ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እናቷን በጎን አየቻትና ወደ መጽሐፏ ተመለሰች። አለመጠየቅን የወረሰችው ከአባቷ ነው።

ያጋለጠቻት ግን መካከለኛዋ ናት። ማርጎ ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን ነገር ሳታጣራ እንቅልፍ አይወስዳትም። በዚያ ሳምንት በሒሳብ የሚማሩት ስለ ግራፍ ነበር። ሬኔ ራሷ ነች «ስለ ቤተሰባችሁ አንድ ነገር ቁጠሩና በግራፍ አሳዩ» ብላ ያዘዘችው። ታቢታ ማን ስንት መጽሐፍ እንዳነበበ ሠራች። ማርጎ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። በትልልቁ «በአሥር ዓመት ውስጥ ማን ስንት ጊዜ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደ?» ይላል። የአባቷ አምድ ረጅም ሰማያዊ ነው፤ የታቢታ አረንጓዴ፤ የራሷ ብርቱካንማ፤ የኤዝራ አጭር ቢጫ። ከዚያ «እማ» ይልና በላዩ ምንም የለም።

«ቀለም አልቆብሽ ነው?» አለች ሬኔ።

«አይ። ዜሮ ቀለም የለውም።»

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ክሊኒኩ ደውዬ ጠየቅኋቸው። የሌላ ሰው አንነግርም አሉኝ። ከዚያ ግድግዳችን ላይ ያሉትን የድሮ ቀን መቁጠሪያዎች ሁሉ አየሁ። የሁላችንም ተጽፏል። አንቺ ጋ ግን የተጻፈው ‹ቲማቲም› ብቻ ነው። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ቲማቲም።»

ሬኔ እስክሪብቶዋን አነሣች። ስሌቱን አየችው፤ ልክ ነው። አምዶቹ እኩል ስፋት አላቸው፤ ርዕስ አለው፤ ምንጭ ተጠቅሷል። አስተማሪ ናትና ምን ታድርግ፣ «በጣም ጥሩ» ብላ ጻፈችበት።

«ስለዚህ ትፈሪያለሽ?» አለ ኤዝራ።

«ሥራ ይበዛብኛል» አለች ሬኔ።

ሦስቱም ልጆች እርስ በርሳቸው ተያዩ።

በወር አንድ ቀን በአካባቢው ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ሦስት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አንድ ላይ ሰብስበው የሆነ ቦታ ያስጎበኛሉ። በሚያዝያ ተራው የሬኔ ነበር። ቦታውን ልጆቹ በድምፅ ብልጫ እንዲመርጡ ፈቀደች፤ በዚያ ሳምንት ስለ ምርጫ እያስተማረች ስለነበር ሌላ ማድረግ አትችልም። የምትጠብቀው የወተት ፋብሪካውን ነው። ድምፁ ሲቆጠር ከአሥራ አንዱ ልጆች ስምንቱ ጥርስ ሐኪም ብለዋል። ማርጎ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው እየዞረች ስትቀሰቅስ ማርፈዷን ሬኔ ያወቀችው በኋላ ነው።

ያም ሆኖ መላ አላጣችም። ልጆቹን ታስገባለች፤ እሷ ቫን ውስጥ ሆና ትጠብቃለች። የዕለቱ ዕለት ግን ከሌሎቹ ሁለት እናቶች አንዷ ታመመች፤ ሁለተኛዋ ሕፃን አዝላ መጣች፤ ሕፃኑም አስታወከባትና ተመለሰች። አሥራ አንድ ልጅ ብቻውን የሚገባ አይደለም። ሬኔ በአፏ እየተነፈሰች፣ ሽታው እንዳይደርስባት አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ገባች።

ዶክተር ፋልቲስ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ወጣት ሐኪም ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ቀይ ፀጉር አለው፤ ሲያፍር አንገቱ ከፀጉሩ ይብሳል። ጎብኚ አስተናግዶ አያውቅም። አሥራ አንድ ልጆች ደብተራቸውን ከፍተው እርሳሳቸውን ደቅነው ሲያይ፣ በእጁ የያዘው ትልቅ የፕላስቲክ መንጋጋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጥርሶቹ እርስ በርስ ይንገጫገጫሉ።

«እ... ጥርስ» አለ። «ጥርስ ማለት እንግዲህ... አፍ ውስጥ ያለ...»

ልጆቹ ጻፉት።

ከኋላ አንድ ጠይም ልጅ እጁን አወጣ። «ሰው ገድለህ ታውቃለህ?»

«ማን፣ እኔ? አይ» አለ ሐኪሙ፤ ከዚያም እውነተኛ ሰው ስለሆነ «እስካሁን» ብሎ ጨመረበት።

አንዲት ትንሽ ልጅ ማልቀስ ጀመረች። እሷን አይቶ ሌላው ተከተለ። የኤዝራም ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ሐኪሙ የፕላስቲኩን መንጋጋ ጣለው፤ መንጋጋው ወለሉ ላይ አፉን ከፍቶ ወደ ልጆቹ ተንሸራተተ፤ ያኔ ጩኸቱ ቀለጠ።

ሬኔ ብዙ ነገር መቋቋም ትችላለች፤ ክፍል ሲበላሽ ቆሞ ማየት ግን አትችልም። በስምንት ዓመት የማስተማር ልማድ ሰውነቷ ከሐሳቧ ቀደመ። መሐረቡን ከአፍንጫዋ አወረደች፤ ሁለት ጊዜ አጨበጨበች፤ «ዝም ብሎ ማየት! ማንም ማንንም አይበላም! ይኸው እዩ፣ ወንበር ነው፣ ሰው ይቀመጥበታል!» አለችና ተቀመጠችበት። «ይኸው መብራት፤ ያበራል። ይኸው ሐኪም፤ ያያል። ዶክተር፣ ና እይልኝ፣ ልጆቹም ይዩ!» አለችና አፏን ከፈተች።

የት እንደተቀመጠች የገባት አፏን ከከፈተች በኋላ ነው።

ሐኪሙ መስታወቱን ይዞ ጎንበስ ሲል ሌላ ሰው ሆነ። እጁ ረጋ፤ ድምፁ ወረደ። «ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

«ኧሁን ኧይዬለም» አለች ሬኔ፣ አፏን እንደከፈተች። «አሁን አይደለም» ማለቷ ነው።

«ለሁለት ተሰንጥቋል። እስከ ሥሩ ሳይደርስ አይቀርም። በዚህ እንዴት ትበያለሽ?»

«ሾርባ!» አሉ ሦስቱ የኮፔኪ ልጆች በአንድ ድምፅ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያስቆም አልነበረም። ልቅሶው ጠፋ፤ አሥራ አንዱም ተሰለፉ። ትንሿን መስታወትና መብራቱን እየተቀባበሉ አንድ በአንድ የሬኔን አፍ ጎበኙ። «ዋው፣ ጥቁር ነው!» «እዚያ ጋ ቀዳዳ አለ!» «ሚስተር ፋልቲስ፣ እኔ ሁለተኛ ማየት እችላለሁ?» ሐኪሙ እያንዳንዱን ጥያቄ እንደ ወንዝ እየፈሰሰ መለሰ። ማርጎ አጠገቡ ቆማ ሥዕል ሣለች። ሲወጡ ልጆቹ ከጎበኟቸው ቦታዎች ሁሉ የሚበልጥ ይህ እንደሆነ ተስማሙ። ሬኔ ደግሞ ለሐሙስ ሳምንት ቀጠሮ ይዛ ወጣች፤ እንዴት እንደያዘችው ግን አታስታውስም።

እሑድ ቭላስታ ምሳ ልትበላ መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አየች። ማርጎ ባለቀለም መንጋጋ ሥላ፣ ቀስት አስገብታ፣ በጥሩ ጽሕፈት «የስብራቱ ምክንያት፦ የአያቴ ኮላቼ ውስጥ የነበረ የፕሪም ፍሬ» ብላለች። ፍሬውንም ከእናቷ ካፖርት ኪስ አግኝታ በፕላስተር አጣብቃዋለች።

ግሌን ድንገት ጋራዥ ውስጥ ሥራ ትዝ አለው።

«አርባ ዓመት» አለች ቭላስታ። «አርባ ዓመት አንድ ፍሬ አምልጦኝ አያውቅም።»

«እማማ፣ ምንም አይደለም...»

«አንቺ ዝም በዪ! ነገርሽኝ? ጥርስሽ ተሰብሮ ሁለት ኮላቼ ጨምረሽ በላሽ! ምን ዓይነት ሞኝ ነሽ?»

«እንዳይከፋዎት ብዬ ነው።»

ቭላስታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልጆቹን አየቻቸው፤ ከዚያ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ እጇን ወደ አፏ ልካ የላይኛውን ጥርሷን ሙሉ አወጣችውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጉንጮቿ ወደ ውስጥ ገቡ። ሬኔ ለአሥራ አምስት ዓመት ምራቷ ስትሆን ይህን አታውቅም ነበር።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አለች ቭላስታ፤ ቃላቱ እየተንሸራተቱባት። «ላገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ አባቴ ወሰደኝ። ሁሉንም በአንድ ቀን አስነቀለኝ። ደኅና ጥርስ ነበረኝ እኮ! ባሌ ኋላ ወጪ እንዳይበዛበት ብሎ ነው። ያኔ እንደ ሠርግ ስጦታ ነበር የሚቆጠረው። የሠርጌ ፎቶ ላይ አፌን የገጠምኩት ኩራት ይመስላቸዋል።» ጥርሷን በናፕኪን ጠርጋ መለሰችና ድምፏ ተስተካከለ። «አንቺን ማንም አላስገደደሽም። የሚያድንልሽ ሰው አለ። ሂጂና አድኚው። አሁን ሾርባ ብቻ ነው ያላችሁ?»

ሬኔ በዚያ ቀን ስለ ሽማግሌው ሐኪምና እግሮቿ ላይ ስለተቀመጠችው ነርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። የነገረችው ለአማቷ ነው፤ ሁለቱ ሰሃን እያጠቡ ሳለ። ቭላስታ የያዘችውን ሰሃን ሁለት ጊዜ አጠበችው።

ሐሙስ ደረሰ። ሬኔ ልጆቹን ከነደብተራቸው ይዛ ሄደች። እንግዳ መቀበያው ላይ ሎርና የምትባል ባለ ነጭ ፀጉር ሴት ተቀምጣለች። ታቢታ ታናናሾቿን እዚያው እንድታስተምር ተነገራት፤ ሬኔ ገባች። ሐኪሙ የወረቀት መሐረብ አንገቷ ላይ አሰረላት። መርፌውን ሲወጋት ዓይኗን ጨፈነች፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። «አሁን እስኪደነዝዝ አሥር ደቂቃ እንጠብቃለን» ብሎ ወደ ሌላው ክፍል ሄደ።

እነዚያ አሥር ደቂቃዎች ናቸው ጉድ የሠሯት። መርፌውን ቻለችው፤ ጥበቃውን ግን አልቻለችም። ከንፈሯ ግማሹ ጠፋ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እግሮቿ ላይ ክብደቱ መጣ። ሬኔ ተነሣች፤ የጓሮውን በር ከፈተች፤ ሮጠች። ሦስት መንገድ ሮጣ መጀመሪያ ያገኘችው ክፍት በር የከብትና የዶሮ መኖ የሚሸጥበት መደብር ነበርና ገባች፤ ከረጢቶቹ መሃል ቆማ ለሃጯ እየወረደ ማለክለክ ጀመረች።

ባለ መደብሩ ዱዌን ረጋ ያለ ሰው ነው። አንገቷ ላይ ያለውን ወረቀት አየና «ሬኔ፣ ምሳ እየበላሽ ነበር እንዴ?» አላት።

«ኧዎ» አለች። ሌላ ምን ትበል? «የጎሎ ነኖ ፈሊጌ ነው።»

«ምን ፈለግሽ?»

«የጎሎ ነኖ! ለጎሎዎቼ!»

ዱዌን ቀረብ ብሎ አያት። ግማሽ ፊቷ ወርዷል፤ ከንፈሯ ተንጋዷል፤ ንግግሯ አይሰማም። ባለፈው ወር የከተማው በጎ ፈቃደኛ የእሳትና የአምቡላንስ ቡድን ስትሮክ እንዴት እንደሚታወቅ አስተምሮ ነበር፤ ዱዌን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የተማረው። አስተማሪው ደግሞ ግሌን ኮፔኪ ነበር።

«ሁለት እጅሽን አንሺ!» አላት።

ሬኔ ዝርፊያ መሰላት፤ እጆቿን አነሣች።

«ፈገግ በዪ!»

«ለንን?»

«ፈገግ በዪ አልኩሽ፣ ሬኔ!»

ፈገግ አለች። ፈገግ ያለው ግማሿ ብቻ ነው። ዱዌን ስልኩን አነሣ።

ግሌን እህል ጎተራው ጋ የጭነት መኪና እያስመዘነ ሳለ ወገቡ ላይ ያለው ሬዲዮ ጮኸ። የሰማው «ሴት፣ አርባዎቹ ውስጥ፣ መኖ መደብር፣ ምናልባት ስትሮክ» የሚለውን ነው። አምቡላንሱ በአራት ደቂቃ ውስጥ ደረሰ። ግሌን ቦርሳውን ይዞ እየሮጠ ገባና የጥንቸል መኖ ከረጢት ላይ የተቀመጠችውን ሚስቱን አየ። ፊቱ ኖራ መሰለ።

«ኧይደለም» አለችው ሬኔ ቶሎ። «ነርፌ ነው። ነርፌ! ጥርስ!»

ግሌን አንገቷ ላይ ያለውን ወረቀት አየ። ጉንጯን አየ። ከአጠገቧ ከረጢት ላይ ተቀመጠ።

«ሮጥሽ?»

«ሮጥኩ።»

«ልጆቹስ?»

ያኔ ነው እንባዋ የመጣው። «እዚያው ናቸው። ልጆቼን ጥዬ ሮጥኩ፣ ግሌን። እኔ!» ይህን ስትል ምንም እንኳ ቃላቱ የተንጋደዱ ቢሆኑም ለእሱ ግልጽ ነበሩ።

ግሌን ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ኤዝራ የተወለደ ቀን ፎርጎ ስቆጥር ነበር፣ ትዝ ይልሻል?» አላት።

«እንዴት እረሳለሁ። ልገድልህ ነበር።»

«ዞሬ እንዳላይ ነው የቆጠርኩት። ብዞር ራሴን ስቼ እወድቅ ነበር።»

ሬኔ አየችው። ስድስት ዓመት ሙሉ ግዴለሽነት መስሏት ነበር። ሳቋ መጣ፤ በግማሽ አፏ ሳቀች፤ ለሃጯ በወረቀቱ ላይ ወረደ፤ ለካስ ወረቀቱ ሥራ አለው። ዱዌን «ስትሮክ ካልሆነ እንግዲህ መኖው ይቅር?» ብሎ ጠየቀ።

የአምቡላንሱ ሾፌር፣ ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ነጂ፣ በሩን ይዛ ቆማለች። «ስሙ» አለች፣ «እኔ መኪና አስነሥቼ ባዶ አልመለስም። ማንን የት ላድርስ?»

ስለዚህ ሬኔ ኮፔኪ ሦስት መንገድ ብቻ ርቆ ወዳለው ጥርስ ሐኪም በአምቡላንስ ተወሰደች። መብራቱ እንዳይበራ ለመነች፤ ሾፌሯ አበራችው።

ልጆቹ እናታቸው በጓሮ መውጣቷን አላወቁም ነበር፤ በፊት ለፊት ከአምቡላንስ ስትወርድ ሲያዩ ግን ሦስቱም ተነሥተው ቆሙ። ሬኔ የመዋሸት ዕድል ነበራት። ፊታቸው ተንበርክካ፣ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል እየለቀመች «ፈራሁና ሮጥኩ። አሁን ተመለስኩ። አሁንም እፈራለሁ» አለቻቸው።

ኤዝራ አሰበና «እሺ» አለ። «ሩጫውን ስንት ደቂቃ ሮጥሽው?» አለች ማርጎ።

ዶክተር ፋልቲስ አልተቆጣም። አንገቱ ቀልቶ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ብቻሽን መተው አልነበረብኝም» አላት። ከዚያም ማንም ብሏት የማያውቀውን ነገር አላት፦ «የፈለግሽ ጊዜ ጩኺ። እጅሽን ካነሣሽ አቆማለሁ። መቶ ጊዜ ብታነሺ መቶ ጊዜ አቆማለሁ።» በሩን ክፍት ተወው፤ ወንበሩንም ወደ ልጆቹ አዞረላት።

ያነሣችው ስድስት ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለሙከራ ነበሩ፤ በእርግጥ ያቆም እንደሆነ ለማየት። አቆመ። ሦስተኛውና አራተኛው ከፍርሃት ነው። አምስተኛው ላይ ግን ሬኔ እጇን አንሥታ በኃይል ማቃሰት ጀመረች፤ ሐኪሙ ደንግጦ መሣሪያዎቹን ሁሉ ከአፏ አወጣ።

«አመመሽ?»

«ሰናት ሲደነር ስንንት!» አለች ሬኔ ወደ በሩ እየጠቆመች።

ሐኪሙ አልገባውም። ጆሮውን ቢጥል ውጭ ታቢታ ኤዝራን እያስተማረች ነው፤ ኤዝራ «ሰባት ሲደመር ስምንት አሥራ አራት» ብሏል፤ ታቢታም ስልኳን እያየች «ጎበዝ» ብላዋለች። ዶክተር ፋልቲስ ጓንቱን እንዳደረገ ወደ በሩ ሄዶ «እናታችሁ አሥራ አምስት ነው ትላለች» አለና ተመለሰ። «ስድስተኛው?» ብላ ኋላ ቭላስታ ስትጠይቃት፣ ሬኔ «ጀርባዬን አሳክኮኝ ነው» ብላለች።

ጥርሱ ዳነ። ሥሩ ታጥቦ ተሞላ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዘውድ የሚባለው ሽፋን ተደረገለት፤ ያን ቀን እጇን ያነሣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኮፔኪዎች ቤት ጥብስ ተጠበሰ፤ ግሌን ዓይኑን ጨፍኖ በላ። ዱዌን ለሁለት ወር ያህል ሬኔ መደብሩ በገባች ቁጥር እንደምን አደርሽ ከማለቱ በፊት «እስቲ ፈገግ በዪ» ይላት ነበር።

ፍርሃቱ ግን ለቆኛል አትልም። በጥቅምት ወር ጥርሷን ለማሳጠብ ቀጠሮ በያዘችበት ቀን ልጆቹን ቭላስታ ዘንድ ትታ ብቻዋን መጣች። ክሊኒኩ ፊት ለፊት ቫኗን አቆመች፤ ሞተሩን አጠፋች፤ አልወረደችም። በመንገዱ ላይ በቆሎ የሚያጭዱ መኪኖች አቧራቸውን እያስነሡ ያልፋሉ፤ እነሱን እያየች ተቀመጠች። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሎርና በመስኮቱ በኩል ታያታለች፤ አልወጣችም፤ እጇንም አላወዛወዘችም፤ ስልክ ሲጮህ አንሥታ ትመልሳለች፣ መልሳ ወደ ቫኑ ታያለች። በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ የቫኑ በር ተከፈተ። ሬኔ መንገዱን ተሻግራ ገባች። ሎርና መዝገቡን አዙራ እስክሪብቶ ሰጠቻት፤ ሬኔ ጎንበስ ብላ ስሟን ጻፈች።